ልጄ ስታረግዝ ከቤቷ ያስወጣናቸው መርዞች

ባለፈው ክረምት ልጄ ማርገዟን ስትነግረኝ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከአዳማ አዲስ አበባ ሄድኩ። ተከራይታ የምትኖርበት ግቢ ስደርስ ገና ጠዋት ነበር። ጎረቤቷ በሯ ላይ የከሰል ማንደጃ አስቀምጣለች። ከሰሉ መሀል ጥቁር ፌስታል ወትፋ ክብሪት ለኮሰችበት። ፌስታሉ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ እየነደደ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጠብታው ከሰሉ ላይ ሲያርፍ ዝዝዝ ይላል። ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል። ልጄ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆማ ታወራታለች።

እኔም ስንት ዓመት እንደዚያ ከሰል አያይዣለሁ። እሷን አርግዤም ጭምር። ያኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ጂን አስተምር ነበር፤ ስለ ጭሱ ግን ማንም አልነገረኝም። ዛሬ ግን አውቃለሁ፣ ዝም ማለትም አልችልም። ለልጄ በደብተር ጽፌ የሰጠኋትን ነው እዚህ አስፍቼ የማቀርበው። የጥናቶቹ ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መርዙ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

የማወራው ስለ ሁሉም ኬሚካል አይደለም። በመጽሐፍ ቋንቋ “ዘላቂ ኦርጋኒክ በካዮች” ይባላሉ። እኔ ለተማሪዎቼ “የማይጠፉ መርዞች” እላቸዋለሁ። የተባይ ማጥፊያው ዲዲቲ አንዱ ነው። በድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ያለው ፒሲቢ ሌላው ነው። ቆሻሻ ሲቃጠል የሚፈጠረው ዳይኦክሲንም አለ። አፈር አያበሰብሳቸውም፣ ፀሐይም ቶሎ አይፈታቸውም። አብዛኞቹ ስብ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ዛሬ ሰውነታችን የገባው ዳይኦክሲን ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ለዚህ ነው በ2001 የስቶክሆልም ስምምነት የተፈረመው። መጀመሪያ 12 መርዞች ተዘረዘሩ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምረዋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

“መርዝ ጂን ይነካል” ሲባል ብዙ ሰው ጂኑ የተሰበረ ይመስለዋል። እዚህ ጉዳዩ ሌላ ነው። የድሮ የብራና መጽሐፍ አስቡ። ጸሐፊው ከጻፈው አንድም ፊደል አልተፋቀም። ግን ጧፍ ተንጠባጥቦበት ሁለት ገጽ በሰም ተጣብቋል። ጽሑፉ አለ፣ የሚያነበው የለም። በሴላችን ውስጥ የሰሙን ሥራ የሚሠራው ሜታይል የሚባል ትንሽዬ ኬሚካል ነው። ጂን መነሻ ላይ ሲለጠፍ ብዙውን ጊዜ ጂኑ ዝም ይላል። ሲነሳ ይሠራል። ይሄ በራሱ በሽታ አይደለም። የጉበት ሴልና የዓይን ሴል አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ችግር የሚመጣው ሰሙ በማይገባው ቦታ ሲወድቅ፣ ወይም መኖር ካለበት ቦታ ሲነሳ ነው።

ግሪንላንድ ውስጥ የ70 ሰዎች ደም ተመርምሮ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። እነዚህ ሰዎች አካባቢያቸው ፋብሪካ የለም። መርዙ በነፋስና በውቅያኖስ ተጉዞ የሚበሉት የባሕር እንስሳ ስብ ውስጥ ገብቶ ነው ያገኛቸው። በደማቸው ውስጥ የማይጠፉት መርዞች በበዙ ቁጥር በዲኤንኤያቸው፣ ማለትም ጂኖቹ በተጻፉበት መጽሐፍ ላይ ያለው ሜታይል አንሶ ተገኘ።

ዳይኦክሲን ደግሞ ሰሙን መጠበቅ አያስፈልገውም። የጂኑን ማብሪያ በቀጥታ ይጫነዋል። ሴሎቻችን ውስጥ “አሪል ሃይድሮካርቦን ተቀባይ” የሚባል ፕሮቲን አለ። ዘበኛ በሉት። ጎጂ ነገር ሲመጣ ይይዝና ወደ ሴሉ እምብርት ገብቶ መርዝ የሚፈጩ ጂኖችን ያስነሳል። ተራ መርዝ ከሆነ ይፈጫል፣ ይወጣል፣ ማብሪያው ይጠፋል። ዳይኦክሲን ግን ላዩ ላይ የተጣበቀው ክሎሪን አያስፈጨውም። ስለዚህ ዘበኛው ይጮሃል፣ ጂኖቹ ይነሳሉ፣ መርዙ ግን እዚያው ነው። ማብሪያው ሳይጠፋ ይከርማል። እድገትን፣ የበሽታ መከላከልንና ሆርሞንን የሚመለከቱ ጂኖችም በዚያው ይታወካሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዋነኛውን ዳይኦክሲን በ1997 በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሚላቸው አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ዲዲቲ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። እሱና ከእሱ የሚወጣው ዲዲኢ የሆርሞን ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ እንደ ሴት ሆርሞን ያስመስላል፣ ሌላው የወንዱን ሆርሞን ቦታ ይዘጋል። ጂኑ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሆርሞን ነው፤ ስለዚህ የተሳሳተ ትእዛዝ ይደርሰዋል።

ይሄንን ሳነብ የማስበው እናቴን ነው። ያደግኩት መቂ ነው። ቁንጫና ትኋን ሲያስቸግረን እናቴ ነጩን ዱቄት በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ ፍራሹ ስር ትነሰንስልን ነበር። የወባ ሠራተኞች ፓምፕ በጀርባቸው ተሸክመው ግድግዳውን ሲረጩም አስታውሳለሁ። ማንንም አልወቅስም። ወባ ሰው ይጨርስ ነበር፣ ዲዲቲም ብዙ ነፍስ አትርፏል። ፍራሽ ላይ መነስነሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

በካሊፎርኒያ ኦክላንድ አካባቢ ከ1959 እስከ 1967 ከነፍሰ ጡር እናቶች የተወሰደ ደም ተቀምጦ ቆይቶ ነበር። በ2007 የወጣው ውጤት፣ ከ14 ዓመታቸው በፊት ለዲዲቲ ተጋልጠው በደማቸው መጠኑ ከፍ ያለባቸው ሴቶች በኋላ የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ እንደታየ ይናገራል። በ2015 ተራው የሴት ልጆቻቸው ሆነ። እናታቸው በእርግዝና ጊዜ ብዙ ዲዲቲ በደሟ የነበረባቸው ልጆች ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ። በ2021 ደግሞ የልጅ ልጆቹ መጡ። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የወር አበባ ቶሎ መጀመር ከአያታቸው ደም ጋር ተያይዞ ተገኘ። እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን ያሳያል እንጂ “አንቺ ትታመሚያለሽ” አይልም። ግን አያት፣ እናት፣ ልጅ። እኛ ቤት ያለነው ልክ እንደዚያው ነን።

ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ማብሪያዎቹ በብዛት የሚስተካከሉት በማህፀንና በልጅነት ነው። ስለዚህ ቤት የሚጸዳው ነፍሰ ጡርና ሕፃን ላለበት ቅድሚያ ሰጥቶ ነው። አሁን ወደ ሥራው።

ከሰሉን ያለ ፌስታል ማያያዝ

ጎረቤቷን “ተይ” ብቻ ብላት ነገ ትመልሰዋለች። ቡናው መፍላት አለበት። ስለዚህ የተሻለ ማያያዣ ይዤ ሄድኩ። ከምግብ ቤት የሚጣል ትልቅ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ፈልጉ። ወረቀት የተለጠፈበት ይሁን፣ ቀለም የተቀባ አይሁን። ወረቀቱን አንሱት። ላይና ታቹን ቁረጡና ቱቦ አድርጉት። ከታች በኩል ዙሪያውን በሚስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሱት። ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና በመዶሻ ወደ ውስጥ እጠፉት።

ጣሳውን ማንደጃው ላይ አቁሙ። ታች ስንጥር ወይም ጭራሮ አድርጉ። የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ካላችሁ ደግሞ እሰየው። በላዩ ትናንሹን ከሰል፣ ከዚያ ትልልቁን ሙሉበት። ከታች በቀዳዳው ለኩሱ። ጣሳው እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ አየር ይስባል። ማራገቢያ ሳልነካ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያዘልኝ። ከዚያ በጉጠት ጣሳውን ብድግ ማድረግ ነው፣ የቀላው ከሰል ይዘረገፋል። እንጨት በማይገኝበት ከተማ ትንሽ ጥጥ በምግብ ዘይት ነክራችሁ ከስር አድርጉ። የሻማ ቁራጭም ይሠራል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ደጅ ነው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ እንኳ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ሳይከፈት አይቀመጥም፤ የማይታየው ጋዙ ይገድላል።

ስለ ፌስታል ትክክለኛውን ልንገራችሁ። ፌስታሉ ራሱ ክሎሪን እምብዛም የለውም። ጥቀርሻውና ጭሱ በራሱ ጎጂ ነው፣ የጠቀስኩላችሁን ዘበኛም ይቀሰቅሳል። ዳይኦክሲን በብዛት የሚመጣው ግን ፒቪሲ ሲቃጠል ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ፣ የውሃ ቱቦ፣ የወለል ፕላስቲክ፣ ብዙ የፕላስቲክ ጫማዎች። ዕቃው ላይ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ 3 ቁጥር ካያችሁ ፒቪሲ ነው። ግን ማን ቆሻሻ ውስጥ ቁጥር ይፈልጋል? ተቀላቅሎ ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ ፕላስቲክ የተባለ ሁሉ እሳት አይንካው።

ቆሻሻው፣ አመዱና ዶሮዎቹ

የግቢው ባለቤት እሁድ እሁድ ቆሻሻ ጓሮ ያቃጥሉ ነበር። ጋሼ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ተቀምጠን አወራን። እኔ የጀመርኩት ከእርግዝናዋ ነው እንጂ ከኬሚስትሪ አይደለም። የቆሻሻ አንሺ ማኅበሩ በሳምንት ሁለቴ እንደሚመጣ፣ ነገር ግን የእርጥቡ ሽታ እስኪመጡ እንደሚያስመርራቸው ነገሩኝ። የሚቃጠለው ለካ ሽታውን ለማጥፋት ነው። የምግብ ትርፍራፊውን ለብቻ በክዳን ባልዲ አደረግነው፣ ደረቁ በማዳበሪያ ከረጢት ሆነ። ሽታው ቀረ፣ ማቃጠሉም ቀረ።

ከአመዱ ተጠንቀቁ። እናቶቻችን ድስት በአመድ ነው የሚፈትጉት። የንጹህ እንጨት አመድ ከሆነ ምንም አይደለም። ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ ግን ዳይኦክሲኑን ይዞ ነው የሚቀረው። ለድስትም፣ ለጎመን መደብም አይሁን። ደረቅ ሆኖ እንዳይቦን ውሃ አርከፍክፉበት፣ በከረጢት አድርጋችሁ ከቆሻሻው ጋር ይሂድ።

ዶሮ ካላችሁ ይሄን አትለፉት። ዶሮ አመድ ትጭራለች፣ አፈሩን ከትሉ ጋር ትውጣለች፣ መርዙ የእንቁላሉ አስኳል ስብ ውስጥ ይገባል። ጋና አክራ ውስጥ አግቦግብሎሺ የሚባል፣ ወጣቶች መዳብ ለማውጣት ገመድ የሚያቃጥሉበት ሰፈር ነበር። በ2019 እዚያ ከሚጭሩ ዶሮዎች የተወሰደ እንቁላል ተመረመረ። አንድ እንቁላል የበላ አዋቂ ሰው አውሮፓ ለአንድ ቀን ከምትፈቅደው የዳይኦክሲን መጠን ከ200 ጊዜ በላይ ያገኛል። አንድ እንቁላል! ለነፍሰ ጡር “ብይ፣ ያበረታሻል” የምንለው እንቁላል። ስለዚህ ቆሻሻ የተቃጠለበትን ቦታ በቆርቆሮ ወይም በሽቦ አጥሩት፣ ዶሮዎቹን በሌላ በኩል መግቡ። አሮጌ ገመድ ለቆራሌው ስትሸጡም ልጆቹ እንዳያቃጥሉት ንገሯቸው። በቢላ ቢልጡት መዳቡም ሳይጠቁር ይወጣል።

ጓዳ ውስጥ የተረሳው ዱቄት

ከአዲስ አበባ ስመለስ መቂ ገባሁ። የእናቴን የእህል ማስቀመጫ ጥግ ፈተሽኩ። ያ ነጭ ዱቄት በሁለት ፌስታል ተቋጥሮ እስከ ዛሬ አለ። ኩባያ የሚሞላ አይሆንም። እናቴ “ምን ያደርጋል ብለሽ ነው፣ አርጅቷል እኮ” አለችኝ። ዲዲቲ አያረጅም። ችግሩ እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ አትቅበሩት፣ ሽንት ቤት አትጨምሩት፣ ወንዝ አታሳዩት፣ አታቃጥሉት። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፣ አፍንጫችሁን በጨርቅ እሰሩ። ከነመያዣው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ላዩ ላይ “መርዝ” ብላችሁ ጻፉ። ልጅ በማይደርስበት ቆልፉበትና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ለልማት ሠራተኛው አሳውቁ። እኔ ሁለት ቀን ተመላልሼ ነው የተረከቡኝ። እናንተም እስኪቀበሏችሁ ተመላለሱ። የተነሰነሰበትን ቦታ በደረቅ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ከዱቄቱ ጋር አብራችሁ አስረክቡ። ጫት ወይም እህል ላይ ዲዲቲ መነስነስ የሚባለውን ነገር ደግሞ በእግዚአብሔር፣ ተዉት። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በተደረገ ጥናት ዲዲቲ በእናቶች ጡት ወተትም በላም ወተትም ተገኝቷል።

የጸረ-ተባይ ጀሪካን ሌላው ጉድ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ገበያ ላይ ይወደዳል፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይያዝበታል፣ ጠላ ይደረግበታል። ፕላስቲኩ መርዙን ጠጥቷል፣ በሳሙናም በጠጠርም አይለቅም። የሚረጭ ገበሬ ጀሪካኑን ባዶ እንዳደረገ ሦስት ጊዜ ያለቅልቀው፣ እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ይጨምረው። ከዚያ ታቹን በሚስማር ይብሳው። የተበሳ ጀሪካን ማንም አይገዛውም።

ምግብና እጅ

አሳ አትተዉ። ለጽንሱ አንጎል ጠቃሚ ነው፣ በጾምም ብዙዎቻችን የምንበላው እሱን ነው። ግን በዝዋይ፣ በሐዋሳና በቆቃ ሐይቅ አሳዎች ላይ የዲዲቲ ቅሪት በጥናት ታይቷል። መርዙ ከትንሽ ወደ ትልቅ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ሌላ አሳ ከሚበላ ትልቅ አሳ ይልቅ አልጌ የሚመገበው ቆሮሶ ይሻላል። ቆዳውን ግፈፉ፣ የሆድ ስቡን አውጡ፣ በጎኑ በኩል የሚሄደውን ጠቆር ያለ መስመር ቁረጡ። ጠብሱትና የሚወጣው ስብ ይፍሰስ። በወጡ ውስጥ አታስቀሩት።

እኛ በእጃችን ነው የምንበላው። የአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ፣ የአሮጌ ቴሌቪዥን ፕላስቲክ እሳት እንዳይዘው የተጨመረበት ኬሚካል ቀስ በቀስ አቧራ ሆኖ ይወርዳል። የታይሮይድ ሆርሞንን ሥራ የሚያውክ ነው። አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ የፈረሰ ስፖንጅ ይሸፈን ወይም ይውጣ፣ ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። የሚድሁ ሕፃናት እጅ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

የማያጣብቅ መጥበሻ ቅቡ ከተላጠ አስወጡት፣ ባዶውንም እሳት ላይ አትርሱት። እነዚህን ቅቦች ለመሥራት ለዓመታት ያገለገለው ፒኤፍኦኤ የሚባለው ኬሚካል በ2023 ከካንሰር አምጪዎች አንደኛ ምድብ ገብቷል። ከማስረጃዎቹ አንዱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በተጋለጡ ሰዎች የጂን ሰም ላይ የታየው ለውጥ ነው። በሸክላ ምጣዳችን ላይ የሚታሸው ጎመን ዘር እንጀራውን ያለዚህ ሁሉ ያነሳዋል።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ይሄን ስነግራት “እኛ ውሃችን ንጹህ ነው” አለች። እዚያ ደግሞ ጥያቄው ይሄው ፒኤፍኦኤ ነው። አሜሪካ በ2024 በመጠጥ ውሃ ለዚህ ኬሚካል ያወጣችው ገደብ በትሪሊዮን 4 እጅ ነው። የውሃ አቅራቢያችሁ በየዓመቱ የሚያወጣውን ሪፖርት እዩ። ማፍላት አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል። የሚቀንሱት ለዚሁ የተመሰከረላቸው የካርቦን ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያዎች ናቸው።

ልጄ የጠየቀችኝ ሁለት ጥያቄ

“ታዲያ ጡት ላጥባ ወይስ ልተወው?” አለችኝ። አጥቢ። ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር። በወተቱ ጥቂት መርዝ ሊያልፍ ይችላል፣ ግን የጡት ወተት የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ማንም በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ጡት እንዳታስጥል እለምናለሁ።

ሁለተኛው “የገባውን ለማውጣት የሚጠጣ ነገር የለም ወይ?” የሚል ነበር። ገበያ ላይ “ዲቶክስ” እየተባለ የሚሸጠው ሻይ ከስብ ውስጥ ዳይኦክሲን አያወጣም። በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ በኃይል መክሳት ደግሞ የባሰ ነው። ስቡ ሲቀልጥ ውስጡ የተቀመጠው መርዝ ወደ ደም ይወጣል። የሚያዋጣው የሚገባውን መቀነስ ነው። ሰሙም ቢሆን እንደ ተሰበረ ጂን አይደለም። ሜታይል እንደሚለጠፍ ሁሉ ይነሳል።

አሁን ልጄ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው እሁድ ደውዬ “ከሰሉን በምን እያያያዛችሁ ነው?” አልኳት። ጣሳዋ የግቢው ሁሉ ሆናለች አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ቡና ለማፍላት መጀመሪያ ጣሳዋ ማን ቤት እንዳደረች መጠየቅ አለባት።